አስካለ ለመልሴ የተወችው ቦታ

ከሐረር የወጣሁት በሰማንያ አራት ዓ.ም. ነው፤ አመሻሹ ላይ፣ በምስጢር። ምስጢሩን የማያውቅ የሰፈሬ የኤረር በር ሰው ግን አልነበረም። «ድሬዳዋ ሠርግ አለብኝ፣ ደርሼ እመለሳለሁ» ብዬ አስወርቼ፣ ሠርገኛ ለመምሰል ጫማዬን ወልውዬ፣ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥዬ ከግቢ ስወጣ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና ወፍራም የሱፍ ሹራብ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አዴ፣ ድሬዳዋ እኮ ነው የምሄደው!» አልኳት። የድሬዳዋን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

«አውቃለሁ» አለች፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ። «ሠርጉ ብርድ ሊኖረው ይችላል። አላህ ያግራልህ።»

ከጀጎል እስክወጣ ድረስ እንዲሁ ነበር። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ሙሽራዋን ሰላም በልልን፣ አገሯ ስትደርስ ደግሞ ድምፅህን አሰማን» አለኝ። ባለሱቁ ለመንገድ ብሎ ለውዝ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንደኔ ተደብቆ የተሰደደ፣ እንደኔም በአደባባይ የተሸኘ ሰው መኖሩን እንጃ።

የምሸሽበት ምክንያት ከእኔ በላይ ትልቅ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ለውጡ ሲመጣ አዲሶቹ ሰዎች የአሮጌው መንግሥት ምስጢር ያለኝ መሰላቸውና ደጋግመው ጠርተው ጠየቁኝ። የማውቀው ምስጢር የመጋዘኑ አይጦች ከነጭ ወረቀት ይልቅ የካርቦን ወረቀት እንደሚወዱ ብቻ ነበር። ይህንንም ብነግራቸው እያሾፍኩ መሰላቸው። እያሾፍኩም ነበር፤ ይቺ አፌ ናት ያሰደደችኝ።

መናኸሪያው ድረስ የሸኘችኝ ታናሽ እህቴ አስካለ ናት። ፔጆው ሰው እስኪሞላ ቆመን ሳለ እንባ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ።»

«ለምን?»

«አንተ ደህና ነኝ ሳትል የጻፍከው ደብዳቤ የለም። አሰበ ተፈሪ ወባ ጥሎህ፣ ሰው ደግፎህ ስትጽፍ እንኳ ‹እጅግ በጣም ደህና ነኝ› ነው ያልከው። በካሴት ቀድተህ ድምፅህን ላክልኝ። ድምፅህ መዋሸት አይችልበትም።»

የሰው እህት አልቅሳ ትሸኛለች፤ የኔዋ መመሪያ ሰጥታ ሸኘችኝ። ፔጆው ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ ሳይ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ ገባሁ። እዚያ ሙቀት ውስጥ የሱፍ ሹራብ ታቅፎ የሚዞር ስደተኛ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሰዉ ሁሉ «ባለሹራቡ» ይለኝ ነበር። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ከርሜ አውስትራሊያ የምትባል አገር ተቀበለችኝ። ሜልቦርን የደረስኩት በሰኔ ነው። ከአውሮፕላን ስወርድ ንፋሱ አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ ሹራቡን እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ለበስኩት። አዴ ዘይነባ የሠርጉን አየር ጠባይ ከእኔ በላይ ታውቀው ኖሯል። ሰኔ ላይ መብረዱ እንደኛው ክረምት ነው ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ታኅሣሥ ላይ በጋው ሲያቃጥለኝ ግን ሰማዩም እንደሰዉ ተገልብጦ እንደሚኖር ገባኝ።

የምግቡን ነገር አታንሱብኝ። ጊሽጣ አንድ ፍሬ፣ ብቻዋን፣ እንደ ወርቅ ሐብል በላስቲክ ታሽጋ ስትሸጥ አይቼ፣ በልጅነቴ ዛፍ ላይ ወጥቼ የጣልኩት ሁሉ ትዝ ብሎኝ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ከምግቡ የባሰብኝ ግን ሰላምታው ነው። እዚህ አገር ሰው «ሃው አር ዩ» ይልሃል፤ እንዴት ነህ ማለቱ ነው። ብሎህ ግን አይቆምም፤ ያልፋል! መጀመሪያ ሰሞን ምን አደርግ ነበር መሰላችሁ? እየተከተልኩ እመልስላቸው ነበር። አንዷን ሴትዮ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ልጆችሽስ» እያልኩ ትራም ፌርማታ ድረስ ሸኘኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር።

የአስካለ የመጀመሪያ ካሴት በሰው እጅ የደረሰኝ በእንዲህ ዓይነቱ ብቸኝነት ላይ ሳለሁ ነው። ያገለገለ ቴፕ ገዛሁና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፕሌይ አልኩት። ንፋስ እንደሚነፍስ ሹ አለና፣

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለች።

ከዚያ ዝም አለች። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ቴፑ ይዞራል።

«ጤናህ ደህና ነው?»

እንደገና ዝምታ። ያኔ ገባኝ። አስካለ ሰውን ጠይቃ መልሱን ሳትጠብቅ ማለፍ ነውር ስለሆነባት፣ በየጥያቄው መሐል እኔ የምመልስበትን ቦታ ትታልኛለች! መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ ለእሷም ነውር መስሎ ታየኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ልክ ስጨርስ «ብርዱስ እንዴት ነው?» አለች። እንዲህ ሆነን ዋልን። ከዚያ ወዲህ የመጣው ካሴት ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ እሷ ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ እኔ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ሐረር ሩቅ ስለሆነ መጮህ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

ያከራየኝ ሰውዬ ሚስተር ስታቭሮ የሚባል ግሪክ ነው። አንድ እሑድ በሩን ደበደበ።

«ክፍሉን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» አለኝ።

«አንድ ሰው ነኝ።»

«የሴት ድምፅ እሰማለሁ።»

«እህቴ ናት።»

አልጋው ሥር ሁሉ አየ። «የታለች?»

«ሐረር።»

«ታዲያ ስትጨቃጨቁ የምሰማው ምንድን ነው?»

«አልተጨቃጨቅንም፤ ሰላም እየተባባልን ነው።»

«ከምሳ ሰዓት ጀምሮ?»

«ገና ጎረቤት ላይ አልደረስንም!» አልኩት።

እንዲያምነኝ ካሴቱን ከፈትኩለት። አስካለ «እንቅልፍስ ይወስድሃል?» ብላ ዝም አለች። ሰውዬው ቆሞ ቴፑን አየ፤ እኔን አየኝ።

«ለምን ዝም አለች?»

«እየጠበቀችኝ ነው።»

ሚስተር ስታቭሮ በሩን ቀስ ብሎ፣ ሰው የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ ዘግቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ ሴት ድምፅ አንስቶብኝ አያውቅም።

የመጨረሻው ካሴት የመጣው አስካለ በወለደች ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰኝ የመርዶ ስልክ ነበር። ልጅቷ ክርስትና በተነሣች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በአጭር ሕመም፣ እህቴ ሄደች። ካሴቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ አልሰማኋቸውም። እየጠበቀችኝ ዝም ስትል ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅማ።

ልጅቷን፣ ሰናይትን፣ አባቷና አዴ ዘይነባ ተጋግዘው አሳደጓት። ዛሬ ሐረር አጠገብ፣ ድሬ ጠያራ ታስተምራለች። እሷም እንደ እናቷ «ጋሼ» ትለኛለች። እኔ በስልክ እየቀለድኩ አሳደግኳት እላለሁ፤ እሷ ደግሞ በቀልድ የሚያድግ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፣ ግን አትነግረኝም። ባለፈው ዓመት ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ድምፅሽ የእናትሽ ነው ይለኛል። ፎቶዋን አውቀዋለሁ። ድምፅዋን ግን አላውቅም። አዴ ዘይነባ ካሴት እርስዎ ጋ አለ አሉኝ።»

«አለ» አልኳት።

«ስለ እኔ ምን እንዳለች መስማት እፈልጋለሁ» አለች። ይህን ስትል ሳቀች፤ ግን ሳቋ አጭር ነበር።

ካሴቱን መላክ ፈራሁ። መንገድ ላይ ቢጠፋ ሌላ የለም፤ ቢደርስም ሐረር ዛሬ የሚሠራ ቴፕ ማን አለው? ስለዚህ ለአዛውንት ኮምፒዩተር ወደሚያስተምሩበት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አስተማሪዋ ታጋሽ ሴት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥቷን ጨርሼ ነው የተመረቅሁት። ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተሩ ገመድ መዘርጋት፣ ድምፁን መቅዳት፣ ማስቀመጥ ተማርኩ። ካሴት ግን አይቸኩልም፤ ሙሉውን ካልዞረ አይቀዳም። እኔ ድምፅዋን ለመስማት ልቤ ስላልደፈረ የኮምፒዩተሩን ድምፅ ዘግቼ፣ ቴፑን አስጀምሬ ወጥ ልሠራ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አልቆ ነበር፤ የቀሩትንም ካሴቶች እንዲሁ ቀዳኋቸው።

እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ ያጠፋኝ። ፕሮግራሙ «ሳይለንስ ሪሙቭ» የምትባል ቁልፍ ነበረችው፤ ድምፅ የሌለበትን ወይም ዝቅ ያለበትን ቦታ እያደነች ቆርጣ የምትጥል። ፋይሉ ከብዶ በስልክ አልሄድ ሲለኝ ተጫንኳት። ወዲያው ቀለለ! ስክሪኑ ላይ ረጅሙ መስመር ተሰብስቦ ትንሽ ሆነ። የሠለጠንኩ መሰለኝ። ለሰናይት ላኩላት፣ ሥራዬን በመጨረሴ ኮርቼም አሮጌውን ቴፕ እዚህ አገር የማይፈለግ ዕቃ በሚጣልበት ቀን አውጥቼ እግረኛ መንገዱ ላይ አኖርኩት። ካሴቶቹን ግን መጣል አልቻልኩም።

ሰናይት በማግሥቱ ደወለች።

«ጋሼ፣ እናቴ ችኩል ነበረች እንዴ?»

«አስካለ? ችኩል? ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ስትል፣ ወጡ ያለ ሽንኩርት ተሠርቶ፣ ተበልቶ፣ ዕቃው ከታጠበ በኋላ ነው የምትመለሰው!»

«ታዲያ ለምን ትንፋሽ አትወስድም? ደህና ነህ ጤናህስ ብርዱስ እግርህስ በልተሃል… እንደ ፖሊስ ነው የምትመረምርዎት።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ደግሞ ስለ እኔ አንድም ቃል የለም። ሁሉንም ሰማሁት፣ ጋሼ። በመጨረሻው ካሴት ጊዜ ተወልጃለሁ አይደል? አንድም ቃል አላለችም።»

«ክርስትና ስላልተነሣሽ ነዋ» አልኳት። «አራስ ነበረች። ካሴቱ በስንት ሰው እጅ ያልፋል፣ ዓይን እንዳይወድቅብሽ ብላ ነው ስምሽን ያላነሣችው።»

«እሺ» አለች። ያቺን እሺ አውቃታለሁ፤ እኔም ለስደተኞች ቢሮ ሰዎች እንዲህ ነበር እሺ የምለው።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። «ትንፋሽ አትወስድም» ያለችው ራሴ ውስጥ ይዞራል። ምን ቆርጬ እንደጣልኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አስካለ የጠበቀችኝን ጊዜ ሁሉ ነው ቆርጬ የጣልኩት! ከዚያ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ እኔ ራሴ እነዚያን ቦታዎች ሰምቻቸው አውቃለሁ? አላውቅም። ድሮ እሷ ዝም ስትል የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ምን እንዳለ አንድ ቀን አድምጬ አላውቅም።

ካሴቱ አለ፤ ቴፑ ግን ተጥሏል። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ፤ መሮጥ ካላችሁት። አጠገቡ ተጥሎ የነበረው ሶፋ አለ፣ የተሰበረው ወንበር አለ፣ ቴፑ የለም። ፈዝዤ ስመለስ ከጎረቤቴ ከሚስተር ታን ግቢ ሙዚቃ ሰማሁ። ሚስተር ታን የቬትናም ሰው ነው፣ በዕድሜ እኩያዬ፤ ደጁ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቴፔን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰማል።

«የኔ ነበር» አልኩት።

«ጥለኸው ነበር» አለኝ።

«እህቴን ረስቼ ነው የጣልኩት።»

ይህን እንግሊዝኛ ምን ብሎ እንደተረዳው እንጃ፤ ቴፑን አየ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን በርጩማ መታ መታ አደረገልኝ። «ይህች የካሴቱ ወገን እስክታልቅ ጠብቅ» አለ። እሱም ማጫወቻ አጥቶ የኖረ ካሴት ነበረው። ተቀመጥኩ። አንድ ሴትዮ በቋንቋው ታወራለች፣ ትዘፍናለች፣ ደግሞ ታወራለች። እሱ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። አንድ ቦታ ላይ ዓይኑን ሲጠርግ እኔ ወደ አጥሩ ዞር አልኩ። ወገኗ ስታልቅ ካሴቱን አወጣና ቴፑን በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ እኛ አገር ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጠው። ስጨርስ መልሼ እንደማመጣለት ማልኩለት።

በዚህኛው ዙር ጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ። የመጨረሻዋን ካሴት አስገባሁ።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?»

አፌ በልማዱ ሊመልስ ተከፈተ፤ በእጄ ያዝኩት። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ቤታችን አለ። በጠባቡ መንገድ የምታልፍ አህያ ጭነቷ ግድግዳውን ሲፍቀው ይሰማል። ሩቅ አዛን ይላል። አንዱ «ማነው?» ይላል፣ ሌላው «እኔ ነኝ» ይላል፤ ማን እንደሆነ ሳይነግረው ይገባል። ከዚያ፣ ቅርብ፣ በሹክሹክታ፦

«ምን አለ?» የአዴ ዘይነባ ድምፅ ነው።

«ደህና ነኝ ይላል» አለች አስካለ፣ እሷም በሹክሹክታ።

«እውነቱን ነው?»

«ኧረ ወዲያ! ሲዋሽ አላውቀውምና!»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ሌላውም መጣ። ዓይኔን ስጠርግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ጡት የሚጠባ ሕፃን፤ ዋጥ፣ ዋጥ፣ አጭር ትንፋሽ፣ እንደገና ዋጥ። ማዳመጫውን አወለቅሁት። ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻዬን መስማት አልተገባኝም፤ የድምፁ ባለቤት ሐረር ናት። ካሴቱ እስኪያልቅ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁና፣ ያቺን ቆራጭ ቁልፍ ሳልነካ፣ ፋይሉን ከፋፍዬ በብዙ መልእክት ላኩላት።

እሑድ ደወለች። አዴ ዘይነባ ቤት ናት። ላፕቶፑን ከፍታ ስልኩን አጠገቡ አስቀመጠችው። የግቢያቸው ጫጫታ እስከ ሜልቦርን ድረስ ገባ። ቅጂውን አስጀመረች፤ የአህያዋም፣ የአዛኑም ድምፅ አለፈ። ሹክሹክታው ሲመጣ ያረጀው የአዴ ዘይነባ ሳቅ ፈነዳ።

«እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ! ጠየቅኳት እኮ!»

«ብርዱስ እንዴት ነው?» አለች አስካለ፤ ዝምም አለች።

«ይመልሱ እንጂ፣ ጋሼ» አለች ሰናይት።

«ዛሬ አንቺ መልሺላት። እኔ ያኔ ስመልስላት ኖሬያለሁ።»

«እርስዎን እኮ ነው የጠየቀችው! እኔ ስለ ሜልቦርን ብርድ ምን ብዬ ልመልስ?»

«ያሻሽን በያት። በሞቴ።»

«ኧረ እርስዎ፣ በሞቴ!»

በር ላይ ተገናኝተው አንተ ግባ አንተ ግባ እንደሚባባሉ ሰዎች ስንገባበዝ፣ አስካለ «ያ ብርድ የሚቆረጥመው እግርህን ይሻልሃል?» አለች። የብርዱ ተራ አመለጠን።

«አንዳችሁ መልሱላት እንጂ!» አለች አዴ ዘይነባ። «ሰው እየጠበቀ!»

«እሺ፣ አሁን አንቺ» አልኩ።

«አይሆንም፣ ጋሼ፣ እኔ ድምፄ…»

ሕፃን ቀስ ብሎ መነጫነጭ ጀመረ፤ ካሴቱ ውስጥ። ከዚያ የአስካለ ድምፅ ከማይክራፎኑ ራቅ ብሎ፣ ዝግ ብሎ መጣ።

«እሽሽ… እሽሽ፣ የኔ ዓለም። ዝም በይ፣ የኔ ልጅ፣ ጋሼ ይመልስ።»

ሰናይት ቃሏን ሳትጨርስ ዝም አለች። አዴ ዘይነባም ዝም አለች። ሐረር ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ፤ ስልኩ ውስጥ የሰናይት ትንፋሽ ብቻ ይመላለሳል። ተራው የኔ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በለፈለፈው አፌ አንዲት ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁ።

አስካለ እንደልማዷ የሚበቃኝን ያህል ጠበቀችኝና፣ «በልተሃል?» አለች።